ከጥላሸት ወገን ስለሚበቅለው ረቂቅ ሸምበቆ

ከዚህ ገጽ አንባቢዎች አንዱ፥ ልጃቸው ከውጭ አገር ባስመጣው የቴኒስ ራኬት ላይ «ካርቦን ናኖቲዩብ» የሚል ቃል ተጽፎ ስላዩ፥ ነገሩ ምን እንደ ሆነና የልጁን ጤና ያሰጋ እንደ ሆነ እንድንገልጽላቸው ጽፈውልናል። ጥያቄው የአባት ጥያቄ ነውና፥ መልሱን ሳናቻኵል ከሥሩ ጀምረን እንሰጣለን።

በድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥላሸት፥ በምድጃ የሚቀረው ከሰል፥ ተማሪ የሚጽፍበት የእርሳስ እምብርት፥ በቀለበት ላይ የሚያበራውም አልማዝ፥ የሁሉም ዋና ነገራቸው ካርቦን ነው። የሚለያቸው የአቶሞቹ አሰላለፍ ነው። በእርሳስ ውስጥ አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን ያለው ዐይን እየሠሩ እንደ ስስ ወረቀት ይነጠፋሉ። እንግዲህ ከነዚህ ወረቀቶች አንዱ ተጠቅልሎ ጠርዝና ጠርዙ ያለ ስፌት ቢገጥም፥ ካርቦን ናኖቲዩብ የሚባለው እርሱ ነው። ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ሸምበቆን ይመስላል፤ ባለአንድ ግድግዳው ግን ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል ከዚያ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ነው። ደግሞም ወረቀቱ በተጠቀለለበት ጥምዝ መጠን፥ አንዳንዱ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ ሽቦ ያሳልፋል፥ አንዳንዱም እንደ ሲሊኮን እያመነታ ያሳልፋል።

በ1991 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ሱሚዮ ኢጂማ የተባሉ የጃፓን ሊቅ፥ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከነደደባቸው ሁለት የካርቦን ዘንጎች በአንደኛው ላይ የተጠራቀመውን ጥቁር ቅርፊት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመረምሩ፥ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካኩ መርፌ መሳይ ቱቦዎች አገኙ። ግድግዳቸውም ከ2 እስከ 50 ይደርስ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት ይህን የመሰለ ነገር በ1952 በሥዕል አሳትመው ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፋቸው በሩስያ ቋንቋ ስለ ነበረ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ሳያየው ቀረ። ክብር አስቀድሞ ላየው ሳይሆን ለዓለም ላሳየው መሰጠቱ የተለመደ ነው።

ዛሬ አሠራሩ ከብልጭታው ይልቅ የአትክልት ሥራን ይመስላል፤ ሊቃውንቱም ራሳቸው «ማብቀል» ይሉታል። አስቀድሞ በለሰለሰ የሲሊኮን ገበታ ላይ ዐይን የማያየው ስስ የብረት ሽፋን ይቀባል። ገበታው 750 ዲግሪ ያህል በጋለ እቶን ውስጥ በገባ ጊዜ ሽፋኑ ተሰባስቦ እጅግ ደቃቅ ፍሬዎች ይሆናል፤ ዘሩ ይህ ነው። ከዚያ ካርቦንና ሃይድሮጅን ያለበት ጋዝ፥ ኤቲሊንን የመሰለው፥ ይለቀቅበታል። ጋዙም በብረቱ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ሃይድሮጅኑ ይሄዳል፥ ካርቦኑ ግን ብረቱን አጥግቦ እንደ ቡቃያ ቱቦ ሆኖ ይወጣል። ቡቃያዎቹም ጥቅጥቅ ብለው ስለሚበቅሉ አንዱ አንዱን እየደገፈ ሁሉም ቀጥ ብለው እንደ ጤፍ ማሳ ይቆማሉ።

የማሳው ችግር አረም ነበረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሥርዐት የሌለው ጥላሸት ብረቱን እየሸፈነ ዘሩን ያፍነው ነበር። በ2004 በጹኩባ ከተማ ባለው የጃፓን መንግሥት የምርምር ተቋም ኬንጂ ሃታና ባልደረቦቻቸው እጅግ ጥቂት የውሃ እንፋሎት ከጋዙ ጋር ቢጨምሩ፥ እንፋሎቱ ጥላሸቱን እየጠረገ ብረቱን በሕይወት አቆየው፤ ማሳውም በ10 ደቂቃ ውስጥ 2.5 ሚሊሜትር አደገ። ይህ ቁመት ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከቱቦው ስፋት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣልና፥ 2 ሣንቲሜትር ውፍረት ያለው ሸምበቆ በዚህ ልክ ቢያድግ ቁመቱ 20 ኪሎሜትር በሆነ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ጥቂት ውሃ መሆኑ እኛን ከምንም በላይ ያስደንቀናል።

ስለ ጥንካሬው የሚነገረው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሚነገረው ስለ አንዲቱ ቱቦ ነው። አንዲቱ ለብቻዋ ስትሳብ ከምርጥ ብረት በብዙ እጅ ትበረታለች፥ ክብደቷም የብረት ስድስተኛ እጅ ያህል ነው። ብዙዎቹ በገመድ ሲፈተሉ ግን አንዷ በአንዷ ላይ ትንሸራተታለች፥ ኀይላቸውም እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ከምድር እስከ ሰማይ ተዘርግቶ ዕቃ የሚያወጣ ገመድ ይሠራል የሚባለው እስካሁን ምኞት ነው። የተጨበጠው ጥቅም ከዚህ የታረመ ነው፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ጥቂት ተቀላቅሎ ኤሌክትሪኩን ያመላልሳል፤ በ2011 ወደ ጁፒተር በተላከችው ጁኖ በተባለችው መንኰራኵር ላይም፥ በገጿ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ጕዳት እንዳያደርስ ከዚሁ ቱቦ የተሠራ ስስ ገበር ተደርጎባታል።

አሁን ወደ አባትየው ስጋት እንመለስ። በ2008 የኤዲንብራ ሊቃውንት ረዣዥምና ቀጥ ያሉትን ቱቦዎች በአይጦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ቢጨምሩ፥ አስቤስቶስ የሚያመጣውን የመሰለ መቈጣት አመጡ፤ አጫጭሮቹና የተጠላለፉት ግን እንዲህ አላደረጉም። ባዕድ ነገርን ውጦ የሚያስወግደው የሰውነታችን ሕዋስ ከራሱ የሚረዝመውን መርፌ መዋጥ አይችልምና። በ2014ም የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ከባለብዙ ግድግዳዎቹ አንዱን ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ጋር መደበው፤ ስለ ሌሎቹ ግን ለመፍረድ ማስረጃው አልበቃውም። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ደግሞ በ2013 ሠራተኛ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ፥ በአንድ ሜትር ኩብ ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

አደጋው እንግዲህ በይበልጥ በፋብሪካ ውስጥ ዱቄቱን ለሚሰፍረው፥ ለሚያፈሰውና ለሚያቦካው ሰው ነው። በራኬቱ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ከመሆኑም በላይ በሙጫ ታስሮ ይኖራል፤ ልጁ ሳይሰጋ ይጫወትበት። ቢሰበር ግን ለመጠገን ሲባል በቤት ውስጥ በመጋዝ አይቈረጥ፥ በሞረድም አይፋቅ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ስብርባሪውን በከረጢት ጠቅልሎ መጣል ይሻላል።