«ባሕርያችን አልገጠመም» አትበሉን

«እኔና እሱ ባሕርያችን አይገጥምም።» ይህን ቃል በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሁለት ወንድሞች ደባል ሆነው ቤት ይከራያሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ፍራሹን ጠቅልሎ ይወጣል። ሁለት እኅቶች በአንድ ቡታጋዝ ማብሰል ያቅታቸዋል። እሑድ ሲሆን ግን ጎን ለጎን ቆመው ስለ ፍቅር ይዘምራሉ። ታላላቆቻችንም «ለሰላም ሲባል ብትለያዩ ይሻላል» ብለው ይመርቋቸዋል። እኔ ይህን ምክር እቃወማለሁ።

ነገሩን ያስነሣብኝ አንድ የቆየ አስቂኝ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ዘ ኦድ ካፕል» ከኒል ሳይመን ተውኔት የተሠራ ሲሆን ጃክ ሌመንና ዋልተር ማታው ተውነውበታል። ፊሊክስ ትዳሩ ፈርሶ ራሱን ሊያጠፋ እስከ መፈለግ የደረሰ ሰው ነው። ኦስካር የተባለው ወዳጁ፣ እሱም ሚስቱን የፈታ፣ ኒውዮርክ ባለው ሰፊ ቤቱ ያስጠጋዋል። ከዚያ በኋላ ፊሊክስ ሲጠርግ፣ ሲያበስልና ሲነዘንዝ ይውላል፤ ኦስካር ልብሱንም ቆሻሻውንም ባገኘበት ይጥላል። መጨረሻ ላይ ኦስካር የፊሊክስን ፓስታ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ሰውዬውን ከቤቱ ያባርረዋል።

ብዙዎቻችን ስቀን ስናበቃ «አያችሁ? የማይገጥሙ ሰዎች አብረው አይኖሩም» እንላለን። ፊልሙን በደንብ አላየነውም ማለት ነው። በዚያች ክፉ ሌሊት ፊሊክስን በሩን ከፍቶ ያስገባው ማን ነው? ያው ባሕርዩ የማይገጥመው ሰው ነው። የካርታ ጨዋታውንና ሲጋራውን ለጊዜው ተውትና መጨረሻውን ደግሞ ልብ በሉ። ፊሊክስ ከሄደ በኋላ ያ ዝርክርኩ ኦስካር ለጓደኞቹ ሲጋራቸውን እንዲጠነቀቁ፣ ቤቱ የአሳማ ጋጥ እንዳልሆነ ይነግራቸዋል! ያ ነዝናዛ ሰው ትቶለት የሄደው ነገር አለ።

ይህ የኒውዮርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዴት ውስጥ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከይልማና ዴንሳ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጣ ተማሪ በሶውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይገባል፤ የኪራዩን ብር ለመካፈልም ከሌላ ተማሪ ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ይይዛል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። በቤታችን ፊሊክሱ እኔ ነኝ። ጀሪካኑ ካልተሞላ፣ ሳፋው ካልታጠበ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደባሌ ደግሞ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስንቁን ዘርግፎ ያቀርባል፤ ረቡዕ ሲሆን የእሱ ያልቅና የእኔ ይጀመራል። ለሦስት ወር ያህል አንድም ቀን ቁጭ ብዬ «ወንድሜ፣ ይህ ነገር ከበደኝ» አላልኩትም። ዝም ብዬ ቂም ቋጠርኩ። አንድ ማታ በእንግዳ ፊት አዋረድኩት። በማግስቱ ጆንያውን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ኅብረታችንም አልመጣ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ባሕርያችን አልገጠመም» እያልኩ መለስኩ። ውሸት ነበር። ያለያየን ባሕርያችን ሳይሆን የእኔ ዝምታና የእኔ አፍ ነው።

«ጳውሎስና በርናባስስ ተለያይተው የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ በማርቆስ ምክንያት ተለያይተዋል። ነገር ግን ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ያንኑ ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ መለመኑን ለምን አታነቡም? ጌታስ ደቀ መዛሙርቱን ሲመርጥ ቀራጩን ማቴዎስንና ቀናተኛ የተባለውን ስምዖንን በአንድ ማዕድ አስቀምጧል። አንዱ ለሮም ግብር ሰብሳቢ፣ ሌላው በስሙ የሮም ጠላት። እነሱን «ይገጥማሉ» የሚል ማን ነው?

አንድ ነገር ግን ልለይ። ደባልህ የሚማታ፣ የሚሰርቅ ወይም ወደ ጥፋት የሚጎትት ከሆነ ውጣ፤ እዚያ ቆይ የሚልህ ወዳጅህ አይደለም። እኔ የምናገረው ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ሽሮ፣ ስለ ሬዲዮ ድምፅና ስለ መብራት ማጥፋት ነው። ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ፤ ምላስ ግን አፍ ለቅቆ አልሄደም።

ስለዚህ መሪዎች ሆይ፣ ሁለት ወጣቶች ተጣልተው ሲመጡ ቶሎ አታለያዩአቸው። መጀመሪያ «ተነጋግራችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጣቶች ሆይ፣ አብራችሁ ቤት ስትገቡ ውኃው የማን ተራ እንደሆነ፣ ስንቁ እንዴት እንደሚበላ፣ እንግዳ መቼ እንደሚመጣ በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። የከበዳችሁንም በሳምንቱ ተናገሩ፤ ሦስት ወር አታሳድሩት። እንደ አዴት ባለ ከተማ እኛ ጥቂቶች ነን። የሚገጥመንን ብቻ እየመረጥን ከሄድን እያንዳንዳችን ብቻችንን እንቀራለን።

ዛሬ እንግዳ ሲመጣብኝ ያለኝን ዘርግፌ አቀርባለሁ። ይህን ያስተማረኝ ያ ያባረርኩት ደባሌ ነው። ይህን ጽሑፍ ካነበበ ይቅርታ እየጠየቅሁት ነው፤ ቤቴም ክፍት ነው።