ብልሃቱ የእኛ፣ ትርፉ የማን?

ባለፈው ሐሙስ ባለቤቴ ለቅሶ ቤት ስላመሸች ማጀቱ ለእኔ ቀረ። መሶቡ ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ እንጀራ፣ ድስቱ ውስጥ የምሳ ሽሮ ትራፊ አለ። ፍርፍር እንኳ አያቅተኝም ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ጉዱ የጀመረው ከሽንኩርቱ ነው። ከሰፈራችን ሱቅ «መምረጥ ክልክል ነው» ተብዬ የገዛሁት መሆኑ ነው። አንዱን ብልጠው ልቡ ጠቁሯል፤ ሌላውን ብከፍተው ውሃ ሆኗል። ከአምስቱ ሁለት ተረፉ። ቲማቲሙስ? ላዩ ቀላ ብሎ ውስጡ አረንጓዴ፣ ለቢላ የማይበገር! ለሩቅ መንገድ የሚጫን ቲማቲም ሳይበስል የሚለቀመው እንዳይፈርጥ ነው፤ ይሁን። ግን ጥሬውን በበሰለው ዋጋ መሸጥን ምን አመጣው?

ምን ላድርግ፣ ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልቼ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ቲማቲሙን አድቅቄ ከትፌ ከበርበሬ ጋር በውሃ አፍኜ አበሰልኩት። ሽሮውን አቅጥኜ ጨመርኩና እንጀራውን ፈረፈርኩበት። ልጆቹ ድስቱን ጠረጉት። ትንሿማ «አባዬ፣ ነገም አንተ ሥራ» አለች!

ባለቤቴ መጥታ «አቤት ብልሃት!» ስትለኝ ግን ደሜ ፈላ። የበሰበሰውን ከደህናው ቀላቅሎ ሚዛን ላይ የሚጭነው በእኛ ብልሃት ተማምኖ ነው እንዴ? ሥጋ ቤት ገብቶ «ከሻኛው ቁረጥልኝ» የሚል ወገኔ ሽንኩርት ፊት ምን አፉን ያዘው?

በማግስቱ ሦስቱን ብስባሽ ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እኔም ሳልመርጥ ነው የማመጣው» አለ ባለሱቁ። እውነቱን ይሆናል። ሁለቱን አስመርጦ ለወጠልኝ። ሦስተኛውን ግን «ይሄስ ይበላል» ብሎ መለሰልኝ።