የት ሰፈር ልረፍ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ ዘመን ወዳጄ ከዋሽንግተን ደውሎልኝ ነበር። የናፍቆቱ ወሬ ካበቃ በኋላ «ለሦስት ሳምንት ልመጣ ነው፤ የት ሰፈር ባርፍ ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ለአፍታ እንኳ ሳላስብ «ቦሌ ነዋ!» አልኩት።

«አንተስ አሁን የት ነው የምትኖረው?»

«ወሰን።»

«ታዲያ ወሰን ምን ሆነና ነው ቦሌ የምትሰደኝ?»

ስቄ አለፍኩት። ጥያቄው ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

በእርግጥ ቦሌ ማለቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። አውሮፕላን ማረፊያው ከደጅ ነው። እኩለ ሌሊት ለሚደርስ ወይም ሳይነጋ ለሚበር ሰው ከዚያ የተሻለ ሰፈር የለም። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የውጭ ገንዘብ የሚመነዘርበት ባንኩ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ምክራችን ለሁሉም አንድ መሆኑን ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ከሰማይ የሚወርድ ይመስል! በየዕለቱ ወደዚህች ከተማ ከሚገቡት ስንቶቹ ናቸው በአውቶቡስ አቧራ ለብሰው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው፣ ለሕክምና፣ ለፓስፖርት፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚመጡት? እነርሱን የት እንረፍ ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ሳልሸሽግ ልናገር። ለወዳጄ ቦሌ ያልኩት ስለ እርሱ ምቾት ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ስለ ሰፈሬ አፍሬ ነው። እንዲህ ያለውን ኀፍረት ደግሞ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ከፍዬበታለሁ። ይልቁንም ያስከፈልኩት አጎቴን ነው ማለት ይቀለኛል።

አጎቴ ከደብረ ሲና የመጡት የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ነበር። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው በሰው ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ሰርቪስ ቤት ነው። እንግዳ የሚተኛበት መደብ የለንም። መቼም ያሳደገኝን ሰው መሬት ላይ አላስተኛ! ስለዚህ ከደመወዜ ላይ ቆጥቤ ያስቀመጥኳትን አውጥቼ፣ በቦሌ መንገድ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ክፍል ያዝኩላቸው። ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር። ለባልደረቦቼም «አጎቴን ቦሌ አሳረፍኳቸው» ብዬ አውርቻለሁ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ ስሄድ አጎቴን ያገኘኋቸው ከሆቴሉ በር ላይ፣ ከጥበቃው ዱካ አጠገብ ቆመው ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጠዋት የቀረበላቸው ዕንቁላል ስለነበረ ሳይቀምሱ ተነስተዋል። በሊፍቱ መውረድ አስፈርቷቸው ስድስት ፎቅ በደረጃ ወርደዋል። ያውም በዚያ ዓይናቸው!

«ጋሼ፣ አልተመቸዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አልጋውስ እንደ ጥጥ ነው፤ ተባረክ። ግን ሌሊት አንድ ነገር ብሆን እዚህ መኖሬን የሚያውቅ ሰው የለም» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን እርሳቸው ራሳቸው መፍትሔ አበጁ። ከላምበረት መናኸሪያ እምብዛም ሳይርቅ፣ የአገራቸው ልጅ የሆነች ሴት የምታስተዳድራት ትንሽ ፔንሲዮን እንዳለች ከአውቶቡሱ ረዳት ሰምተው ኖሯል። ወደዚያው ተዛወሩ። ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ መታጠቢያውም የጋራ ነው። ነገር ግን ማለዳ ቡና ይፈላል። ሴትየዋ የመድኃኒት ጠብታውን ሰዓት ጠብቃ ታስታውሳቸዋለች። ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ለመሄድም ከዚያ ይቀርባል። እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ወሰን ከመድረሴ በፊት በእግረ መንገዴ እጠይቃቸዋለሁ። ከቤቴ በጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ እንዲህ ያለ ማረፊያ መኖሩን በዚህ ሰፈር ዓመታት የኖርኩት እኔ አላውቅም ነበር። ከደብረ ሲና የመጡት ሽማግሌ አወቁ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈር የሚለውን ቃል ደጋግሜ አስባለሁ። ቃሉ ሰፈረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መንገደኛ ጓዙን አውርዶ፣ ድንኳኑን ተክሎ ያረፈበት ቦታ እንደማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ራስ ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ ሲጀምር፣ መኳንንቱ ሠራዊታቸውንና አሽከሮቻቸውን አስከትለው በየጉብታው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የጠራናቸው ሁሉ መሠረታቸው ይኸው ነው። ከየአገሩ የመጣ ባላገር አዲስ አበባ ሲገባ የሚያርፈው ጌታው ወይም ዘመዱ ወደ ሰፈረበት ነው። ወሎ ሰፈርን፣ ጎፋ ሰፈርን፣ መርካቶ ውስጥ ያለውን ጎጃም በረንዳን አስቡ። ከተማችን የተሠራችው በመንገደኞች ማረፊያ ነው።

የእኛው የካም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አለው። ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን በብዛት ሲልኩ፣ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዙም፣ ለፈረንሳዩም፣ ለሩሲያውም በከተማይቱ ምሥራቃዊ ዳር ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ ኤምባሲ ዛሬም እዚያው ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደግሞ ጭራሽ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ፤ ታክሲ ረዳቱ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጣራ ፓሪስን የሚያስብ ተሳፋሪ የለም። የዚያ ዘመን እንግዳ እንግዲህ የት ልረፍ ብሎ አይጨነቅም፤ አስተናጋጁ ያሳርፈዋል። ለማደሪያ ገንዘብ መክፈልማ እንግዳ ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል ባሠሩ ጊዜ በልቶ መክፈልን ሰው እንግዳ ስላደረገው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ ተብሎ ይተረካል። ያ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. የደረሰበትን ቃጠሎ ተርፎ ፒያሳ ላይ ቆሟል።

አጎቴ የአገራቸውን ሰው ፍለጋ ላምበረት መውረዳቸውን «የባላገር ፍርሃት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ታዲያ ሮም የሄዱ አባቶቻችንስ የት ነበር የሚያርፉት? በቫቲካን አጥር ሥር፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ በተባለው የሐበሾች ገዳም አይደለምን? የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 እ.ኤ.አ. የተገናኙት እዚያው ነው። ከዚያ ትውውቅ ነው ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የተወለዱት። አባ ጎርጎርዮስ ብቻቸውን በአንድ የሮማ ማደሪያ ቤት ገብተው ቢሆን ኖሮ ሉዶልፍ ከየት ፈልጎ ያገኛቸው ነበር? ያ ወዳጄም ቢሆን ያኔ ዋሽንግተን ሲገባ ያረፈው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሆቴል ሳይሆን፣ ከአንድ ያገሩ ልጅ ሶፋ ላይ ነው። ሥራ ያገኘውም በዚያው ሶፋ ባለቤት በኩል መሆኑን እርሱው አጫውቶኛል።

አሁን ደግሞ ወሰንን እንየው። ከመገናኛ ተነስቶ፣ ላምበረትን አልፎ፣ በኮተቤ በኩል ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሰፈራችንን አቋርጦ ያልፋል። ረዳቶች «ወሰን ግሮሰሪ!» ይሉታል። በሰሜን በኩል የየካ ተራራ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር ተያይዞ ቆሟል። ማለዳ ከዚያ የሚወርደው አየር የባሕር ዛፍ ሽታ አለው። ባሕር ዛፉን ያስመጡልን ምኒልክ ቢሆኑም፣ እሳት የሚያደርጉልን ግን ጭነት አጉብጧቸው ከተራራው የሚወርዱት እናቶች ናቸው። ከጎዳናው ዳር ጎህ ሲቀድ ዳቦ፣ ሻይና ጥብስ በቆሎ የሚሸጡ አሉ። የኮተቤ ተማሪዎች ደብተራቸውን አቅፈው ታክሲ ይጋፋሉ። ከተራራው ላይ፣ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ፍርስራሽ አለ፤ ላሊበላን ለማየት የሚቋምጥ የአዲስ አበባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም በዚሁ ሰንሰለት ላይ ነው፤ እርግጥ ከእኛ ሰፈር ለመድረስ ዞር ማለት ይጠይቃል።

ለሰፈሬ ስል ግን አልዋሽም። ውኃ በፈረቃ ነው፤ የተጠራቀመ ጀሪካን የሌለው ማደሪያ አትያዙ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከመገናኛ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይመጣም። ስለዚህ ማታ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ መቆም ግድ ነው። ሌሊት የጭነት መኪና ድምፅ አለ፤ እሱ ጋብ ሲል ደግሞ ከተራራው በኩል የጅብ ጩኸት ይሰማል። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ሌላ ነው። «አልጋ አለ» የሚል ሰሌዳ ከሰቀሉት ቤቶች መካከል በሰዓት የሚያከራዩት ብዙ ናቸው። የታመመች እናቱን ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ሲደርስ፣ ውስጥ ያለውን አይቶ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ለውጭ እንግዳ የሚሆን ሆቴል ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ሹም አይጠፋም። በመናኸሪያና በሆስፒታል አቅራቢያ ለአስታማሚ የሚሆን ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ዋጋው የሚቀመስ ማደሪያ መሥራት ግን የማንም አጀንዳ ሲሆን አላየሁም።

በመስኮቴ የሚቆሙ ደንበኞች ይህንን በየዕለቱ ያሳዩኛል። ከክፍለ ሀገር የመጣ አስታማሚ ያስታውቃል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አያወጣም፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ፣ የቀረውን ሂሳብ እያስነበበ ነው። አንዳንዴ ሰልፉ ረገብ ሲል «የት ነው ያረፋችሁት?» እላለሁ። ሕመምተኛው የካ ተኝቶ አስታማሚው መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያደረበት ጊዜ አለ። ለምን ቢሉት፣ ከዓመታት በፊት ሲመጣ የሚያውቀው እርሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ግማሽ ቀኑ በታክሲ ያልቃል። ለመድኃኒት የመጣው ገንዘብ ለትራንስፖርት ይሆናል። ይህ ሰው ሰፈር ሲመርጥ የሚሳሳተው በገንዘብና በጉልበት ነው፤ የወዳጄ ስሕተት ግን ቢበዛ የአንድ ሳምንት ድብርት ነው።

ስለዚህ የት ልረፍ ለሚለኝ ሰው ከእንግዲህ ሰፈር ከመጥራቴ በፊት በየትኛው በር እንደሚገባና ማለዳ ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ እጠይቀዋለሁ። በሰሜን ምሥራቁ መንገድ የመጣ፣ ጉዳዩም በምኒልክ ሆስፒታል ወይም በኮተቤ የሆነ ሰው ከተማውን አቋርጦ ሌላ ዳር ምን ይሠራል? ላምበረት ወይም ወሰን ይረፍ። ለዲያስፖራው ደግሞ የድሮ ትዝታውን ይዞ ሰፈር እንዳይመርጥ እነግረዋለሁ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ብዙ ቤታቸው ፈርሷል። በልቡ ይዞት የመጣውን አድራሻ መንገድ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሰው ግን ተዛወረ እንጂ አልፈረሰም። ኮንዶሚኒየም ገብቶ፣ የካ አባዶ ሄዶ፣ ወሰን ተከራይቶ አለ። የሚናፍቀው ሰፈሩን ከሆነ ሰፈሩ የተበተነበትን ይከተል።

ትናንት ማታ ለወዳጄ መልሼ ደወልኩለት። የመጀመሪያውን ሌሊት ቦሌ እንዲያድር፣ ከድካሙ ሲነቃ ግን ወደ እኛ እንዲመጣ ነገርኩት። ያችን ፔንሲዮን እኔው ሄጄ እንደማይለት፣ ባለቤቷም አጎቴን እስካሁን በስም እንደምትጠይቀኝ አጫወትኩት።

«ሙቅ ውኃ አላት?» አለኝ።

«አንዳንድ ቀን።»

ሳቀ። ከዚያ ምን ይዤ ልምጣ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ለልጆቼ የሚሆን ነገር እንድጠራለት ፈልጎ እንደነበር ገብቶኛል። እኔ ግን ወፍራም ሹራብ ይዘህ ና አልኩት፤ ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ከየካ ተራራ የሚወርደው ብርድ ዋሽንግተን የከረመ ሰውንም አይምርም።