ባትሪው ከሞላ በኋላ

መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ፍለጋ መደናበር የሰለቸን ብዙዎች ጣሪያችን ላይ ሶላር፣ ጓዳችን ውስጥ ባትሪ አስገጥመናል። በጋ ላይ እኔ ቤት ባትሪው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ጢም ብሎ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኛ ሥራ፤ አንድ ፍሪጅ ብቻውን ስንት ሊበላ? ፓነሎቹ ገና ብዙ ማመንጨት እየቻሉ ሥራ ፈተው ይውላሉ።

እዚያው ቤት ደግሞ እናቴ አለች። ሰማንያ ልትደፍን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ብርድ ሲበረታ ገላዋን የምትታጠበው በልመና ነበር። ቦይለር ጠፍቶ አይደለም፤ አብርተንላት ስንወጣ ከኋላችን ታጠፋዋለች። «ቆጣሪው ይፈጃችኋል ልጄ፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ» ትላለች። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቃ ስትንቀጠቀጥ ማየት እንዴት እንደሚያሳቅቅ ወላጅ የሚጦር ያውቀዋል።

ስለዚህ ቦይለሩን በባለሙያ ከሶላሩ መስመር ጋር አገናኝተን ታይመር አስገባንለት። ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይሠራል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ቦይለር ይህን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሙቀቱ ማታ ልጆቹ እስኪታጠቡ ይቆያል። እናቴ ቆጣሪው ፊት ቆማ ሒሳቡ አለመቀነሱን በዓይኗ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን አልነካችውም።

ልታስገጥሙ ያሰባችሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ። ቦይለሩ የሚስበው ኃይል ፓነሎቹ እኩለ ቀን ላይ ከሚሰጡት መብለጥ የለበትም፤ ኢንቨርተሩም ሊሸከመው ይገባል። አለበለዚያ ጎደሎውን ከባትሪው ይመዛል፤ ማታ መብራት ሲሄድ በጨለማ መቀመጥ ነው። ኤርዝ የምንለው የምድር መስመር ከሌለ ግን ሐሳቡን ጨርሶ ተዉት።

ሶላር የሌላችሁ ደግሞ ለሙቅ ውሃ ብላችሁ ፓነል አትግዙ። ፓነል ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ነው። ውሃውን በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቀው፣ በየጣሪያው በርሜል ተሸክሞ የምናየው መሣሪያ ለዚህ ሥራ ይበልጣል።

60 ዲግሪ ውሃ የሰው ገላን በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ የሕፃንና የአረጋዊ ቆዳ ስስ ስለሆነ ደግሞ ይብሳል። ያም ሆኖ ሙቀቱን አውርዶ ለብ ያለ ውሃ በርሜል ውስጥ ማከማቸት ለባክቴሪያ መራቢያ ይመቻል። እኛ ከቦይለሩ መውጫ ላይ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቫልቭ አስገጥመናል። ይህ ከሌላችሁ ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ጨምሩ፣ ሙቁን አስከትሉ፣ ልጁን ከማስገባታችሁ በፊት በክርናችሁ ሞክሩት።

ሐምሌና ነሐሴ ታይመሩን አጠፋዋለሁ። ሰማዩ ሲጠቁር ባትሪው ራሱ ሳይሞላ የሚውልበት ቀን ብዙ ነውና፣ በእነዚያ ሁለት ወራት የእናቴ ውሃ የሚሞቀው በቆጣሪው ነው። ክርክሩም ያኔ ይቀጥላል።