በሳንቲሙ ላይ የሰው መልክ አትለምኑ

ወንድሞቼ፣ የሉማሜና የአዋበል ሽማግሌዎች፤ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በማኅበሩ ጽዋ ላይ ስንቀመጥ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንድ ወሬ ደጋግሜ ሰማሁ። የሳንቲሙ ሥዕል አርጅቷልና ይለወጥ፤ ሲለወጥም የጎጃም ሰው መልክ ይውጣበት ትላላችሁ። አንዳችሁ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ትጠራላችሁ፣ ሌላችሁ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀን። ልጆቹም ከእናንተ አፍ ሰምተው በየመንገዱ ይሟገቱበታል። ነገሩ ቀላል መስሏችኋል። እኔ ግን እፈራዋለሁ፤ የፈራሁትንም በሆዴ ይዤ መቃብር መውረድ አልፈልግም።

ወሬው ከመሬት የተነሣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶቹ ሲቀየሩና ባለ ሁለት መቶ ብሩ ሲመጣ፣ ባለ አምስት ብሩ ባለበት ቆይቶ በሂደት ወደ ሳንቲም እንደሚዞር ተነግሮን ነበር። አዲስ ሳንቲም ከመጣ ሥዕል ይፈልጋል፤ ሥዕል ከተፈለገ የማን ይሁን መባሉ አይቀርም። ከዚያ በፊትም አንዱ ብር ወደ ሳንቲም ዞሯል። በ2002 ዓ.ም. ነበር፤ በወረቀቱ ጀርባ የነበረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያን ጊዜ ከእጃችን ወጣ። የዓባይን በረሃ ከደጀን አፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል የምናይ ሰዎች፣ ፏፏቴው ከገንዘባችን ላይ ሲነሣ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ለሰው መልክ ሲሆን ግን ድምፃችን ከፍ አለ።

ከአንድ ብሩ ያነሱትን ሳንቲሞቻችንን ተመልከቱ። ሥዕላቸው የ1969 ዓ.ም. ነው። ደርግ የጃንሆይን መልክ አንሥቶ በአንዱ ወገን ዘውድ የሌለው የአንበሳ ራስ አደረገ፤ በሌላው ወገን በአስር ሳንቲሙ የደጋ አጋዘን፣ በስሙኒው እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በአንድ ሳንቲሙ በጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ አወጣ። ደርግ ወደቀ። ኢሕአዴግ መጣ፣ የወረቀቱን ገንዘብ ለወጠ፣ ሳንቲሙን ግን አልነካውም። ኢሕአዴግም አለፈ፤ ሥዕሉ ዛሬም አለ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ደርግን አምርሮ የሚጠላ፣ ልጁን የተነጠቀ ሰው እንኳ «ይህ የደርግ ሥራ ነው፣ ይፋቅ» ሲል በዕድሜዬ አልሰማሁም። አጋዘኑም ገበሬውም የማንም ወገን ስላልሆኑ ማንም አልጠላቸውም። የደርጉ ሊቀመንበር የራሱን መልክ አውጥቶበት ቢሆን ኖሮ በ1983 ዓ.ም. ሳንቲሙ አብሮት ይጠፋ ነበር፤ የመለወጡን ዕዳም የምንሸከመው እኛው ነበርን።

አሁን ወደ በላይ ዘለቀ ልምጣ፤ ዋናው ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነውና።

በ1937 ዓ.ም. ሁለት ነገር ሆነ። በጥር ወር በላይ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ከጣልያን ወረራ በኋላ አገሪቱ የራሷን ገንዘብ በአዋጅ አወጣች፤ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት በተጻፈባቸው ሳንቲሞች ላይ የጃንሆይ መልክ ነበረ። አባቶቻችን አምስት ዓመት ሙሉ በየዱሩ የመራቸውን ጀግና አልቅሰው ሳይጨርሱ፣ ሞቱን ያጸናውን ንጉሥ መልክ በመቀነታቸው ቋጥረው ገበያ ወጡ። ጨው ገዙበት፣ ግብር ከፈሉበት፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡበት። ምን ያህል እንደመረራቸው ቤታችሁ የተነገረውን ታውቃላችሁ። ታዲያ ዛሬ እኛ ያንኑ ምሬት በሌላ ሰው ኪስ ልንከት ነው? በዚህች አገር ጃንሆይን እንደ አባቱ የሚወድ ሰው ሞልቷል። እኛ በላይን ስናወጣ እሱ ጃንሆይን ይመልሱልኝ ይላል። እሱንም በምን አፍ እንከለክለዋለን?

ተክለ ሃይማኖትንም እንደዚሁ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ ላይ ከዚያው ከምኒልክ ጎን ቆሙ። ሁለቱ ነገሥታት በመካከላቸው የነበረውን ራሳቸው ጨርሰውታል። እኛ የአንዱን መልክ ብናወጣ የሌላው ወገን እምባቦን መልሶ ይቆፍራል። የትግራይ ሰው ደግሞ የዐፄ ዮሐንስ መልክ ይውጣ ቢልስ? በ1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው ጎጃም ላይ ያደረሰውን ጥፋት ቅድመ አያቶቻችን በእንባ ነው ያወረሱን። በዚያው በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ግን መተማ ላይ ለአገር ዳር ድንበር አንገታቸውን ሰጡ። የትግራይ ሰው መተማን ያያል፣ እኛ የተቃጠለውን ቤት እናያለን፤ ሁለታችንም አልዋሸንም። ይህን ያህል እውነት በአንዲት ክብ ብረት ላይ አይጻፍም። መልክ ብቻ ነው የሚወጣው፤ መልክ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ቁስሉ በኩል የሚያየው ነገር ነው።

ሐውልት ይሻላል። ሐውልት ባለበት ይቆማል፤ የማይወደው ሰው በሌላ መንገድ ይዞራል። ገንዘብ ግን ከሰው ጋር ይገባል፣ ከሰው ጋር ያድራል። ከልጁ ገዳይ ጋር የሚያያይዘውን መልክ በየማለዳው ከኪሱ እያወጣ ዳቦ የሚገዛ ሰው ልቡ እንዴት ይርገብ? ይህን የምናወራው ደግሞ በምን ዘመን እንደሆነ አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በዚህ በጎጃም ምድር የተኩስ ድምፅ ሳንሰማ የዋልንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሞተውን ቀብረን ተዝካሩን ሳናወጣ ሌላ እንቀብራለን። በስም የሚጀመር ጠብ ወዴት እንደሚሄድ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እናንተ ከፊቱ ቆማችሁ «ተዉ» ካላላችሁ ልጆቹን ማን ይመልሳቸዋል?

አንዳችሁ «አያቶቻችን ማርትሬዛን ሲገበያዩበት ኖረው የለም ወይ? የፈረንጅ ንግሥት መልክ ነበረበት፤ ምን ጠብ አመጣ?» ብላችሁኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስመላለስበት ከረምኩ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ ፈረንጆች በ1780 ነው፤ ጠገራው ብር ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲሠራ ኖረ። ለአባቶቻችን ሴትዮዋ ማንም አልነበረችም። ያላስገበረቻቸው፣ ያልሰቀለቻቸው፣ ልጃቸውን ያልወሰደችባቸው ሰው ስለሆነች ማንም አልተጣላባትም። የሚመለከቱት መልኳን ሳይሆን በትከሻዋና በራስዋ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ነበር፤ ነጥቡን ቆጥረው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለዩበት ነበር። የሚያምኑትም 28 ግራም የሚመዝነውን ብር ነው። ዐፄ ምኒልክ መልካቸውንና አንበሳቸውን ያወጡበትን ብር በፓሪስ ሲያሠሩ ክብደቱን ከማርትሬዛ ጋር አስተካክለውት ነበር፤ የባላገሩ ሰው ግን የለመደውን አልተወም። የገዛ ንጉሡ መልክ እንኳ የሰውን እምነት በአዋጅ አላዞረም። ማርትሬዛውን አቅልጦ የአንገት መስቀል ያሠራ ሰው ንግሥቲቱን አልበደለም፤ ብሩ እንደሆነ በእጁ ነው።

የዛሬው ሳንቲም ግን አቅልጠው መስቀል የሚያሠሩት ብር የለውም። የሚገዛው ነገር ከሌለ ምንም የለውም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ሳንቲሞቹ ከዚያ በፊትም ከገበያው እየወጡ ነበር። ባለ ሱቁ በመልስ ፈንታ ከረሜላ ወይም ማስቲካ ይሰጣል። ልጅ አምስት ሳንቲም ወድቆ ቢያይ ጎንበስ አይልም፤ የኔ ቢጤም አይቀበልም። ዋጋው እንዲህ በወረደበት ጊዜ የአባቶቻችሁን መልክ አውጡበት ስትሉ የማንን ክብር ነው የምታዋርዱት? ለሞተ ሰው አዲስ ጋቢ መደረብ ይሆናል። በላይ ዘለቀ በማስቲካ የሚለወጥ ብረት ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ገበሬውን በጥማድ በሬው ያወጡት በአንድ ሳንቲሙ ላይ ነው፤ ከሁሉ ባነሰችው። ከሁሉ አስቀድማ ከገበያ የጠፋችውም እሷ ናት። የልጅ ልጆቻችን አይተዋት አያውቁም። ጤፉን አርሶ አገር የሚያበላ ሰው፣ ሉማሜ ገበያ ላይ እህሉን ሸጦ ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው፣ ያለ ጠብና ያለ ክርክር የሁላችን የነበረው መልክ ከእጃችን ሲወጣ ዝም አልን። መጮህ ካማረን ለእሱ እንጩህ።

ሥዕል ከንቱ ነው አላልኩም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከገንዘቡ ላይ ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል አድርጓል፤ ምልክት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ያ ሰው ያውቅ ነበር። ነገር ግን በዚያው በአክሱም የወርቅ ገንዘብ ላይ የንጉሡን ራስ ግራና ቀኝ አቅፎ የሚታየው የእህል ዘለላ ነው። ነገሥታቱ ተራ በተራ ሲያልፉ ስማቸውና መልካቸው ይለወጣል፤ ዘለላው ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፍ ነበር። ያ እህል ዛሬም በማሳችን አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላዋል፤ የወለጋውም፣ የትግራዩም፣ የሐረሩም ሰው የኔ ነው ቢል ማንም አይከለክለውም።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ነገር በሕግ ቋጭታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት በወረቀትም ሆነ በሳንቲም ላይ የማንም ግለሰብ መልክ እንዳይወጣ ይከለክላል። በ2018 ያወጣቻቸው ሳንቲሞችም ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን ናቸው። እንዲያም ሆኖ በማግሥቱ ዓመት በወጡት ኖቶች ላይ፣ በሕንፃው ሥዕል ውስጥ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐውልት ታየ ተብሎ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በሕግ የተከለከለበት አገር እንዲህ ካከራከረ፣ ሕጉም በሌለበት በእኛ አገር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

በሥዕሉ ስንከራከር የረሳነውን አንድ ጉዳይ ደግሞ ላንሣ፤ ይኼ በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ይበልጣል። በጃንሆይ ጊዜ ስሙኒው በመጀመሪያ ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበር። መጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ ለባላገሩ በሽልንግ ዋጋ አሳለፉት። በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ያንን ሰብስቦ ጠርዙ የአበባ ቅጠል መስሎ የተቆረጠውን ስሙኒ አወጣ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ በጨለማ ሒሳብ የምትሠራ ጠላ ሻጭ በጣታቸው ዳስሰው ያውቁት ጀመር። እውነተኛ የሥዕል ማሻሻያ ብዬ የማምነው እንዲህ ያለውን ነው። ዛሬ እኔ አንድ ብሩን የማውቀው ሁለት ዓይነት ብረት ስለሆነ ነው፤ አዲሱ ሳንቲም ከእሱ ጋር ቢመሳሰል ዓይነ ስውሩና አሮጊቷ በየገበያው ይበላሉ። ለዚህ ተከራከሩ፤ ተቃዋሚ አይገጥማችሁም።

እንግዲህ ልለምናችሁ። የወረዳው ሰዎች ወይም ሌላ የመንግሥት ሰው ስለ ገንዘቡ ሥዕል ሐሳብ ስጡ ቢሏችሁ ስም አትጥሩ። የእኛንም ሰው፣ የሌላውንም ሰው፣ በሕይወት ያለውንም፣ የሞተውንም አትጥሩ። ገበሬው ከአንድ ሳንቲሙ ላይ ተነሥቶ ባለ አምስት ብሩ ሳንቲም ላይ ይውጣ በሉ፤ ጥማዱም ሞፈሩም እንዳለ ይሁን። ጠርዙ በጣት የሚለይ ይሁን በሉ። የወረቀቱ ባለ አምስት ሲሰበሰብ ደግሞ ባንክ በሌለበት ቀበሌ ያለችው፣ አምስት አምስት ብር እየለየች በእንስራ ያጠራቀመችው መበለት ሳትሰማ ቀኑ እንዳያልፍባት፣ በቂ ጊዜ ይሰጥና በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይነገር በሉ። በማኅበራችንም ላይ የሳንቲሙ ወሬ ተነሥቶ አንዱ የሰው ስም ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ ታላቅነታችሁን ይዛችሁ በዚያው አስቁሙት።