ስኳር በቀን ስንት ጊዜ?

የልጅ ጥርስ ሲቦረቦር ብዙ ወላጅ ጥፋቱን ከአፀዳዱ ያያይዛል፤ «በደንብ አይቦርሽማ!» ይባላል። መቦረሹ አያከራክርም። የሚዘነጋው ግን ጣፋጭ ነገር በቀን ስንት ጊዜ ወደ አፍ እንደሚገባ ነው፤ እኔ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹን እፈራለሁ። ጥርስ ላይ የሚለጠፉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ የጥርሱ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አለዝቦ የጎደለውን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ፓኬት ብስኩት ከምሳው ጋር የጨረሰ ልጅ ጥርሱ አንዴ ይጠቃል፤ ያንኑ ፓኬት ኪሱ ከትቶ ከረፋድ እስከ ማታ አንድ አንድ እያለ የሚበላው ግን ለምራቁ ፋታ አይሰጥም። ጣፋጭ ሻይ ወይም ጁስ በጡጦ ይዞ የሚተኛ ሕፃን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳሩ ፊት ጥርሶቹ ላይ ያድራል።

ይህን በጉልህ ያሳየው በስዊድን ቪፔሆልም ተቋም በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ጥናት ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ያለ ፈቃዳቸው የተሞከረ በመሆኑ ፈጽሞ መደረግ ያልነበረበት ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ከምግብ ጋር ስኳር ከወሰዱት ይልቅ በምግብ መሃል የሚያጣብቅ ከረሜላ የተሰጣቸው ጥርሳቸው እጅግ ተጎዳ።

ድግግሞሹን ከመቀነስ ቀጥሎ ሁለተኛው መከላከያ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል፤ ጠዋትና ማታ ከመኝታ በፊት። አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ብሩሹ በአዋቂ እጅ ቢሆን ይመረጣል። «ፍሎራይድ እኮ ጥርስ ያበልዛል» የሚል ይኖራል፤ በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የበለዘ ጥርስ ያየ ሰው ስጋቱ ከባዶ አልተነሣም። ያ ጉዳት የሚመጣው ግን ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን የከርሰ ምድር ውኃ ዓመታት ሙሉ በመጠጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እዚያ መፍትሔው ውኃውን ማስተካከል ነው፤ ሳሙናውም በጥቂቱ የሚሆነው ልጁ እንዳይውጠው ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚኖሩ ወላጆች መጠኑን ከጥርስ ሐኪም ጋር ይምከሩ።

«አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ኖረዋል» ለሚለውም መልስ አለ። መፋቂያ በትክክል ከተያዘ ቆሻሻ ያነሣል፤ አልንቀውም። ግን እንደ ሳሙናው ፍሎራይድ አይተውም፤ በአያቶቻችን ልጅነትም ብስኩትና ለስላሳ እንደ ዛሬው በየሱቁ አልነበረም። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የሚለው ግን ከሁሉም ያሳዝነኛል። የኋለኞቹ የወተት ጥርሶች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፤ እስከዚያ ከታመሙ ልጁ አይበላም፣ አይተኛም፣ ያለጊዜው ከተነቀሉም ተተኪዎቹ ጠማማ ሆነው ሊበቅሉ ይችላሉ።

ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ወደ መብራት አስጠጉትና ከመጨረሻው የወተት ጥርስ ኋላ ያለውን ተመልከቱ። እዚያ የሚወጣው መንጋጋ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚበቅል ብዙዎች የወተት ይመስላቸዋል። ቋሚ ጥርስ ነው፤ ከተነቀለ ሌላ አይበቅልም።