ደረቅ ቼክና ደረቅ ማስፈራሪያ

አሜሪካ የሚኖር አበሻ «ቼክህ ተመለሰ» ሲባል ለምን እንደሚደነግጥ እናውቃለን። አገር ቤት ደረቅ ቼክ የፖሊስ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693፣ በቂ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሰጠን ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስቀጣ ይችላል። ይህን ፍርሃት ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣ ይዘነው ተሻገርን። የአሜሪካ የፔይዴይ ሎን አበዳሪዎችና ዕዳ ሰብሳቢዎቻቸው ደግሞ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ሲያገኙ ይነግዱበታል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

ፔይዴይ ሎን ደመወዝ እስኪደርስ የሚወሰድ ብድር ነው። የተለመደው ዋጋ ለሁለት ሳምንት በ100 ዶላር 15 ዶላር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ሲሰላ ግን ወደ 400 በመቶ ይጠጋል። በአማርኛ ስሙ አራጣ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ የወለዱን ጣሪያ 24 በመቶ አደረገች። ቨርጂኒያም ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ በ36 በመቶ ገድባለች። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በኔቫዳና በቴክሳስ ግን በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው።

አበዳሪው በመያዣነት የሚወስደው ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ነው። ቀኑ ደርሶ ገንዘብ ሲጠፋ ሁለት ዓይነት መካሪ ይመጣል። አንዱ «ባንክ ሄደህ ቼኩን አስቁምና ተገላገል» ይላል። ሌላው «እንዳትነካው፣ ትታሰራለህ!» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

«ትታሰራለህ» ባዩን እናስቀድም። በአሜሪካ የፔይዴይ ዕዳ ስላልከፈለ ብቻ ሰው አይታሰርም። የደረቅ ቼክ ወንጀል የማታለል ሐሳብ ይፈልጋል። አበዳሪው ግን ቼኩን ሲቀበል በሒሳቡ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃል፤ ቢኖርማ ኖሮ ማን ይበደር ነበር? ታዲያ ማን ማንን አታለለ? «ፖሊስ እንልክብሃለን» እያለ በሐሰት የሚያስፈራራ ዕዳ ሰብሳቢ የፌዴራሉን ሕግ የሚጥሰው እሱ ራሱ ነው።

«ተገላገል» ባዩስ? ቼክ ማስቆም መብት ነው፤ ዕዳ መሰረዝ ግን አይደለም። ባንኩ ለአገልግሎቱ ያስከፍላል። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ በ14 ቀን ያበቃል፤ በጽሑፍ የተሰጠው 6 ወር ይቆያል። አበዳሪው ቼኩን ትቶ ገንዘቡን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሊስብ ስለሚችል የቼኩን ቁጥር ብቻ መንገር አይበቃም። ለአበዳሪው «ከሒሳቤ እንድትወስድ የሰጠሁህን ፈቃድ አንሥቻለሁ» ብሎ መጻፍና የደብዳቤውን ቅጂ ለባንኩ መስጠት ያስፈልጋል። ገና ሲፈርም ላለመክፈል ያሰበ ወይም በተዘጋ ሒሳብ ቼክ የጻፈ ሰው ግን እውነትም የወንጀል ክስ ሊመጣበት ይችላል።

ትልቁ አደጋ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አበዳሪው ፍትሐ ብሔር ክስ ይመሠርታል፣ መጥሪያ በፖስታ ወይም በሰው እጅ ይመጣል፣ እኛም ሳንከፍተው ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር እንጥለዋለን። ያልቀረበ ተከሳሽ በሌለበት ይፈረድበታል፤ በብዙ ግዛቶችም ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ከፍርዱ በኋላ ዳኛው ጠርቶት ካልቀረበ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስይዘው ዕዳው ሳይሆን የፍርድ ቤት ትእዛዝ መናቁ ነው።

ስለዚህ ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል እንላለን። ስልክ ደውሎ የሚጮኸውን እንፈራለን፤ ድምፅ የሌለውን ፖስታ እንንቃለን። የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችንና ሬዲዮኖቻችን የመንጃ ፈቃድ ፈተና በአማርኛ ሲያስረዱ ኖረዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። አሁን ደግሞ የፍርድ ቤት መጥሪያ ምን እንደሚመስልና በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥበት ያስረዱን። ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችን አድራሻም በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር ላይ ይለጥፉልን። እስከዚያው ፖስታውን እንክፈተው።